የቅንጦት መርከብ ሲገነባ፦ ከደሴ ተመልካቾች ተደጋግመው የመጡ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ። ቅዳሜ ማታ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ በውሰት ባገኘናት ፕሮጀክተር ዶክመንተሪ እናሳያለን። ኳስ የሌለበት ቅዳሜ ማለቴ ነው፤ ኳስ ካለማ ማን ዞር ብሎ ያየናል። ሰሞኑን አራት ቅዳሜ በተከታታይ ያሳየነው የቅንጦት መርከብ ግንባታ ነበር። ከመጀመሪያው ላሜራ ቆረጣ ተነሥተው እስከ መጀመሪያው ጉዞ ድረስ የሚከታተሉ የቴሌቪዥን ፊልሞች ናቸው። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ከአንሶላው አጠገብ ቆሜ፣ እያስቆምኩ እተረጉማለሁ።

ከፊልሙ ይልቅ ጥያቄው ረዘመ። አንዱ ቅዳሜ የተመለሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ በአዲስ ሰው እንደገና ይነሣል። ለዚህ ነው የጻፍኩት። መልሱን ሳሰናዳ ሁለት ሰዎች ረድተውኛል። አንዱ ሮቢት በኩል በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ጎረቤቴ ነው። ሌላው ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ የጨረሱ ጋሼ ናቸው። ሁሌም ከፊት ወንበር አይጠፉም።

ይህ መርከብ ዕቃ ነው የሚጭነው ወይስ ሰው?

ሰው ነው። ግን የሚያደርሰው ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ከተሳፈረበት ወደብ ተመልሶ ይወርዳል። የከፈለው መርከቡ ላይ በልቶ፣ ዋኝቶ፣ ሙዚቃ ሰምቶ፣ በየመንገዱ ያሉትን ከተሞች አይቶ ለመሰንበት ነው።

ይህን ለመቀበል ጋሼ ተቸግረው ነበር። «አሰብ ላይ መርከብ ገባ ከተባለ ስንዴ ገባ፣ ማዳበሪያ ገባ፣ መኪና ገባ ማለት ነው። ባዶ እጁን የሚመጣ መርከብ አላየሁም» አሉ። ሞተር የተገጠመለት ሆቴል ነው አልኳቸው። «እንዲያ በለኛ» ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ።

ብረት ውሃ ላይ እንዴት ይንሳፈፋል?

ይህን አዋቂዎችም መጠየቅ ይፈልጋሉ፤ ግን ልጅ ልከው ነው የሚያስጠይቁት።

መርፌ ውሃ ውስጥ ጣል ብታደርጉ ትሰጥማለች። ባዶ ድስት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ብታስቀምጡ ይንሳፈፋል። ድስቱ ግን ከመርፌዋ እጅግ ይከብዳል። ልዩነቱ ድስቱ ሆዱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ውሃ ገፍቶ ቦታ መያዙ ነው። የተገፋው ውሃ ክብደት ከድስቱ ክብደት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ዝቅ ይልና እዚያው ይቆማል። አርኪሜዲስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ደርሶበታል። መርከብም ትልቅ ድስት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የሚያደናግር ነገር ላጥራ። ፊልሞቹ «ይህ መርከብ 200 ሺህ ቶን ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ስለ ክብደቱ አይደለም የሚያወሩት። ግሮስ ቶኔጅ የሚባል መለኪያ አለ፤ እሱ የሚለካው የመርከቡ ሆድ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው። እኔም ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ክብደት እያልኩ ስተረጉም ነበር። ይቅርታ።

የት ነው የሚሠሩት? ቻይና?

ገበያችን ውስጥ ያለውን ዕቃ ላየ ሰው ጥያቄው አይገርምም። ቻይና የጭነት መርከብ በገፍ ትሠራለች። ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ግን ለረጅም ዘመን የአውሮፓ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ቻይና በራሷ የሠራችው የመጀመሪያው ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ሻንጋይ ላይ የተገነባው አዶራ ማጂክ ሲቲ ነው። ተሳፋሪ ይዞ የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። ገና ትናንት ማለት ነው። ሥራውን ይዘውት የቆዩት ጥቂት ናቸው፦ ጣሊያን ውስጥ ፊንካንቲየሪ፣ ፈረንሳይ ሴን ናዜር ላይ ሻንቲየ ደ ላትላንቲክ፣ ጀርመን ፓፐንቡርግ ላይ ማየር ቬርፍት፣ ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ማየር ቱርኩ።

ከሁሉም ሰዉን ያስደነቀው ፓፐንቡርግ ነው። ከተማዋ ባሕሩ አጠገብ አይደለችም። ኤምስ የሚባል ወንዝ ዳር ናት። ባሕሩ ጋ ለመድረስ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዙ መውረድ ያስፈልጋል። ከደሴ ሐይቅ ከተማ እንደመሄድ በሉት። ማየር ቬርፍት እዚያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው፤ ያኔ መርከብ ማለት የእንጨት ነበር። መርከቡ በየጊዜው አደገ፤ ወንዙ ግን አላደገም። ፋብሪካውም ወደ ባሕሩ ልውረድ አላለም። ዛሬ ትልቁ የግንባታ አዳራሽ 504 ሜትር ርዝመት፣ 125 ሜትር ስፋትና 75 ሜትር ከፍታ አለው። «አዳራሽ» ሲባል የንጉሥ ሚካኤል ግብር አዳራሽ አይጠየፍ የሚታየው የደሴ ሰው ያን ምስል ለጊዜው ወደ ጎን ያድርገው።

መርከቡ ሲያልቅ ወንዙ ላይ የተሠራው መዝጊያ ይዘጋና ውሃው ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ መርከቡ በጎታች ጀልባዎች እየታገዘ፣ ኋላውን አስቀድሞ፣ እግር በእግር ይወርዳል። ኋላውን ለምን? እንዲያ ሲሄድ ለመቆጣጠር ስለሚቀል ነው። ሰው ከወንዙ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል። ላሞች ሣር ሲግጡ ከጀርባቸው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቀስ ብሎ ያልፋል። ይህች ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ «ወደ ኋላ መልሳት» ተብያለሁ።

እንዲህ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ መሥራት አይቻልም?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ አለ፣ በያጅ አለ፣ ደረቅ ወደብም አለ። ያጣነው ውሃውን ነው። ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ኮምቦልቻ ራሷ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አብሽሩ፣ ለጊዜው በርና መስኮቱ ይበቃናል።

ሥራው ከየት ይጀምራል? መጀመሪያ የሚሠራው ምኑ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፊልሞቹ አይቆዩበትምና። ጣሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን የመስታወት መብራት ሲሰቅሉ ዐሥር ደቂቃ ያሳዩናል። የብረቱን ሥራ ግን ሙዚቃ ለቀው በአንድ ደቂቃ ያሳልፉታል። እጄ ማቆሚያው ላይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ላሜራ የሚቆረጠው በሥነ ሥርዓት ነው። አለቆች ይመጣሉ፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ማሽኑ ይቆርጣል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭብጨባ የለውም። ላሜራዎቹ ጎን ለጎን ይበየዱና ሰፊ ወለል ይሆናሉ። ወለሉ የብረት አጥንት ይገጠምለታል። ወለልና ግድግዳው ተጋጥሞ ብሎክ ይሆናል። ብሎክ ማለት ከመርከቡ የተቆረሰ ቁራሽ ነው፤ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ አስቡት። ልዩነቱ እዚህ ቁራሹ ነው የሚቀድመው። የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት መስመሩ፣ የአየር ማስተላለፊያው አብዛኛው እዚያው መሬት ላይ እያለ ይገባለታል። ትናንሾቹ ብሎኮች ተያይዘው ትልልቅ ይሆናሉ። ክሬን ያነሣቸውና ዶክ የሚሉት ግዙፍ ጉድጓድ ውስጥ ይደረድራቸዋል። በመጨረሻ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፤ መርከቡም ለመጀመሪያ ጊዜ ይንሳፈፋል።

የሴን ናዜሩ ትልቁ ክሬን በአንድ ጊዜ 1,400 ቶን ያነሣል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነው ይባላል። ሁለት መቶ ሴባስቶፖል በአንድ ማንጠልጠያ ማለት ነው። ደላንታን አቋርጦ ያን መድፍ የጎተተ ሰው የልጅ ልጆች አሁንም አካባቢያችን አሉ፤ ቁጥሩ ይገባቸዋል።

ብዙው ብሎክ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ጣሪያው ታች፣ ወለሉ ላይ። ጎረቤቴ ይህን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ገባኝ!» አለ። በያጅ ወደ ላይ አንጋጦ ሲበይድ የቀለጠው ብረት ወደ ፊቱ ነው የሚንጠባጠበው። አንገት ያማል፣ ሥራውም አያምርም። ወደ ታች ሲበይድ ግን የቀለጠው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ጣሪያ የሚሆነውን ታች አድርገው ይበይዱና ሲያልቅ በክሬን ይገለብጡታል። የፊልሙ ተራኪ ይህን አልተናገረም። የነገረን የሮቢቱ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው ደግሞ ባሰ። «ላሜራው አይጣመምባቸውም?» አለ። ይጣመማል። ቱቦላሬ በአንድ ወገን ብቻ እየበየዳችሁ ከሄዳችሁ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ደሴ ውስጥ አልዘጋ ያለ የብረት በር ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው ይላል። (እኔ ቤት የገጠመው በር አልዘጋ ሲል ግን ግድግዳው ነው ብሎኝ ነበር።) ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። የላይኞቹ ፎቆች ላሜራ ስስ ስለሆነ እዚያ ይብሳል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ። ፓፐንቡርግ ላይ የሌዘር ብየዳ የሚጠቀሙትም ሙቀቱ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ነው። ያም ሆኖ የተጨማደደ ወለል አይጠፋም። እሱን በእሳት እያሞቀ፣ በውሃ እያቀዘቀዘ የሚያቃና ሠራተኛ አለ። ባየናቸው ፊልሞች ውስጥ ይህ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው ብልጭ ያለው። እኔ ብሆን ሙሉውን ፊልም በእሱ ነበር የምሠራው።

ላሊበላን ያነሣም ነበር። ላሊበላ ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ወጣ። ይኸኛው ከብዙ ቁርጥራጭ፣ ከታች ወደ ላይ ተገጣጠመ። «የትኛው ይከብዳል?» ተባልኩ። አለት ላይ የተሳሳተ ሰው መልሶ አይበይድም ብዬ አለፍኩት።

ሳንቲም ከሥሩ ያስቀምጣሉ፣ ሻምፓኝ ይሰብራሉ። ይህ ምንድን ነው?

ልማድ ነው። የመጀመሪያው ብሎክ ዶኩ ውስጥ ሲያርፍ ለመልካም ዕድል ብለው ከሥሩ ሳንቲም ያደርጋሉ። መርከቡ ሲያልቅ ደግሞ የክርስትና እናት ትመረጥለታለች፤ ጠርሙሱን አፍንጫው ላይ ታሰብረዋለች። ለምሳሌ ሰቨን ሲስ ኤክስፕሎረርን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ሞናኮ ላይ የመረቁት ልዕልት ሻርሊን ናቸው።

ወሎ ላይ ያለ ዱዓና ያለ ምርቃት ቤት አይገባም፣ መንገድም አይወጣም። ስለዚህ ምርቃቱ አልገረመንም። ያስገረመን የጠርሙሱ መባከን ነው። ጠርሙሱ አልሰበር ካለ ገዱ ክፉ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩዊን ቪክቶሪያ የሚባለውን መርከብ ካሚላ፣ የዛሬዋ የእንግሊዝ ንግሥት፣ ሲመርቁ ጠርሙሱ እምቢ አለ። ብዙ ሳይቆይ ተሳፋሪዎች በሆድ በሽታ ታመሙ። የእንግሊዝ ጋዜጦች እርግማን ነው ብለው ተጫወቱበት። ይህን ስናገር አንዲት እናት «ዱበርቲ (ዱዓ የሚያደርጉ እናቶችን) ቢጠሩ ኖሮ» አሉ።

የመኝታ ክፍሎቹ አልቀው ነው የሚገቡት?

አዎ፣ ብዙዎቹ። ክፍሉ ሌላ ቦታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። መታጠቢያ ቤቱ፣ መስታወቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመብራት ገመዱ ተገጥሞለት እንደ ሳጥን ይመጣል። የመርከቡ ጎን ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። ሳጥኑ በዚያ ይገባና ወለሉ ላይ እየተገፋ ቦታው ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ውሃና መብራቱ ይቀጠላል፤ አለቀ። የቱርኩው ድርጅት ለዚህ ብቻ የሚሠራ የክፍል ፋብሪካ አለው።

በጣም ውድ የሆኑት ክፍሎች ግን እዚያው መርከቡ ውስጥ በእጅ ነው የሚሠሩት። እንግዲህ ሁሉም ዓይነት ሰው በየሙያው አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይጋፋል። አናጺው ሲወጣ ቀለም ቀቢው ይገባል፣ እሱ ሳይጨርስ ምንጣፍ አንጣፊው ይደርሳል። ቤት አሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል በሳቅ ነው ያየው።

ያ ሁሉ እብነ በረድ መርከቡን አያዘነብለውም?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የምታውቁት ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ስትጭኑ ነው። ጭነቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ መታሰር አለበት። ከላይ ከከበደ ግመሉ ይንገዳገዳል።

መርከብም እንዲሁ ነው። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ የውሃ ጋኖቹ ታች ናቸው። የላይኞቹ ፎቆች በብዛት የሚሠሩት ከቀላል ነገር ነው፤ አንዳንዴ ከብረት ይልቅ አሉሚኒየም ይገባል። እብነ በረድ የምትሉት ነገርም ብዙ ጊዜ ስስ ልጥ ነው፤ ከኋላው ቀላል ሰሌዳ ተለጥፎለታል። የመዋኛ ገንዳ ላይ ላይ ሲደረግ የውሃው ክብደት ብቻ ሳይሆን ወዲያ ወዲህ መላተሙም ይታሰባል። የሚገባው ዕቃ ሁሉ ክብደቱ ይመዘገባል። በመጨረሻ መርከቡ ላይ ክብደቱ የታወቀ ነገር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካሉ። ግመሉን ከማስነሣታችሁ በፊት ጭነቱን ያዝ አድርጋችሁ እንደምትነቀንቁት ማለት ነው።

ስለ ቅንጦቱ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር። ሰቨን ሲስ ኤክስፕሎረር ጄኖቫ አጠገብ በፊንካንቲየሪ የተሠራ ነው። ሲመረቅ 375 ክፍል ነበረው፤ የሚይዘውም 750 እንግዳ ነበር። ትልቁ ክፍሉ ለአንድ ሌሊት 10 ሺህ ዶላር እንደሚከፈልበት ነው የተነገረው። ብሩን ስናሰላ ቡና ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ከኋላ «እንቅልፍ ይወስደዋል ግን?» ሲል ነው የተሳቀው።

ለምንድን ነው ሁሌም «ቀኑ ደረሰ፣ ሥራው አላለቀም» የሚሉት?

ተመልካች እንዳይተኛ ነው። ከበሮ ይመታል፣ አለቃው ግንባሩን ይይዛል፣ «ዐሥር ቀን ብቻ ቀረ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ ማስታወቂያ። መጨረሻ ላይ መርከቡ ሪባን ተቆርጦለት ይሄዳል። አራቱም ቅዳሜ እንዲህ ነው ያለቀው። በአራተኛው ቅዳሜ ሰዉ ከበሮውን ሲሰማ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ማለት ጀምሮ ነበር።

ጭንቀቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ትኬቱ ቀድሞ ተሽጧል። መርከቡ ከዘገየ ገንዘብ ይመለሳል፣ ውሉም ቅጣት አለው። ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ቀን ያለፈበት ምንጣፍ አደጋ ተብሎ ይቀርባል፤ እውነተኛው አደጋ ግን አይወራም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2003 ሴን ናዜር ላይ ኩዊን ሜሪ 2 ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሠራተኞች ቤተሰቦች መርከቡን ሊያዩ መጡ። ከወደቡ ወደ መርከቡ የሚያሻግረው መሸጋገሪያ ተደረመሰ። 16 ሰው ሞተ። መርከቡ በጃንዋሪ 2004 የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደብ ላይ የሠራ ሰው መሰላል ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሠራተኞቹ የየት አገር ሰዎች ናቸው?

የብዙ አገር። መርከብ የሚሠራው ድርጅት የራሱ ሠራተኛ አለው፤ አብዛኛውን ሥራ ግን ለሌሎች ተቋራጮች ይሰጣል፣ እነሱም ሰው ከየአገሩ ያመጣሉ። ፊንካንቲየሪ ትልልቅ መርከቦቹን የሚሠራባት የጣሊያኗ ሞንፋልኮኔ ትንሽ ከተማ ናት። ከባንግላዴሽ ለሥራ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። ፊልሞቹ ካፒቴኑንና ዲዛይነሯን በስም ያስተዋውቁናል። በያጁ ግን ጭምብል እንዳደረገ ያልፋል። በባቲ በሚሌ አድርጎ ባሕር የተሻገረ ዘመድ ያለው የወሎ ሰው ጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ መገመት አይከብደውም።

መብራትና ውሃ ከየት ያመጣሉ?

ይህ ጥያቄ የተነሣው መብራት ሄዶ በሻማ ስንጨዋወት ነው። መርከቡ ትልልቅ ጀኔሬተሮች ይዞ ነው የሚሄደው። ኤሌክትሪኩ ኩሽናውንም፣ ኤሲውንም፣ መንጃውንም ያንቀሳቅሳል። በብዙዎቹ አዳዲስ መርከቦች ሞተሩ ከመርከቡ ሥር በውጭ ተንጠልጥሎ ወደ ፈለገበት ይዞራል፤ አዚፖድ ይሉታል። የመዝናኛ መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1998 ኢሌሽን በሚባለው ላይ ነው። ውሃውን ከባሕሩ ቀድተው ጨዉን ያወጡለታል፤ ወይ አፍልተው እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ፣ ወይ በኃይል በስስ ማጣሪያ በማሳለፍ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የመጀመሪያው ዘዴ አይጠፋውም።

ከታይታኒክ ይበልጣል? እንደሱስ አይሰጥምም?

ታይታኒክ 269 ሜትር ርዝመትና 46,328 ቶኔጅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይኮን ኦቭ ዘ ሲስ 365 ሜትር ርዝመትና 248,663 ቶኔጅ አለው። ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። 20 ፎቅ አለው። ሲሞላ 7,600 ተሳፋሪና 2,350 ሠራተኛ ይይዛል።

አይሰጥምም የሚል ሰው ታይታኒክንም እንዲሁ ብሎት ነበር። የተለወጠው ደንቡ ነው። ታይታኒክ ላይ 2,200 ያህል ሰው ነበር፤ ጀልባዎቹ ግን የሚበቁት ለ1,178 ብቻ። ከዚያ አደጋ በኋላ አገሮች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያውን የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት አወጡ። ሁሉም ሰው የሚድንበት ቦታ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ አለት መትቶ 32 ሰው ሲሞት ደግሞ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ደንብ ጠበቀ። አሁን ተሳፋሪው የት እንደሚሰበሰብ መርከቡ ሳይነሣ ወይም እንደተነሣ ወዲያው ይነገረዋል።

ከወሎ ተነሥቶ መርከብ ላይ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ የባሕረኞች ማሠልጠኛ አለ። ከዩኒቨርሲቲ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ለመርከብ መኮንንነት ያሠለጥናል። ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የሚማሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ስለሚያዩ በተለይ ለእነሱ ነው የምናገረው። ሥራው በብዛት የጭነት መርከብ ላይ ነው፤ ሞተሩን ካወቃችሁ ግን መርከቡ ምን ጫነ አይባልም።

ደላላን ተጠንቀቁ። አንድ ዘመዴ «መርከብ ላይ አስተናጋጅ ትሆናለህ» ተብሎ በሬ ሽጦ ከፈለ። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለቅጥር ተብሎ ከባሕረኛ ገንዘብ መጠየቅን ይከለክላል። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርቱ፣ ለባሕረኛ መታወቂያ ደብተሩና ለጤና ምርመራው የመሰለውን ብቻ ነው። ለምደባ፣ ለምዝገባ፣ ለወረፋ እያለ ብር የሚቆጥር ሰው ካገኛችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሡ።

ፊልሞቹን በፍላሽ ትሰጡናላችሁ?

አንሰጥም። ቅዳሜ ኑ።

ሐይቅ ላይ እንዲህ ዓይነት መርከብ ማንሳፈፍ ይቻላል?

ይህን የጠየቀችው ከሐይቅ ከተማ ለእረፍት የመጣች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰዉ ሊስቅ ሲል ጋሼ በእጃቸው ዝም አስባሉት።

እናስላው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ 88 ሜትር ይደርሳል። ትልቁ የመዝናኛ መርከብ ውሃ ውስጥ የሚገባው 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ይንሳፈፋል። መዞሪያውም ጭንቅ አይሆንበትም፤ ብቻ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም እንዳይጠጋ፤ እዚያ ድሮ ደሴት የነበረው ዛሬ በእግር ይገባበታል። ችግሩ እንዴት ይደርሳል ነው።

መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። ፔሩና ቦሊቪያ መካከል ቲቲካካ የሚባል ሐይቅ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የጉና ተራራ ጫፍ ላይ ሊደርስ ምን ቀረው። ፔሩ ያቫሪ የምትባል የብረት መርከብ እንግሊዝ አገር አሠራች። መርከቧ ያፑራ ከምትባል እህቷ ጋር፣ ሁለቱ በድምሩ በ2,766 ቁርጥራጭ ተፈትታ መጣች። ከባሕሩ ዳር ጥቂት በባቡር ከተጓዘች በኋላ ተራራውን ያወጧት በቅሎዎች ናቸው። ቁርጥራጩ እ.ኤ.አ. በ1862 ወደቡ ላይ ደርሶ፣ መርከቧ ሐይቁ ላይ የወረደችው በ1870 በገና ቀን ነው።

ጋሼ ይህን ሰምተው ትንሽ ዝም አሉ። «ከአሰብ ባቲ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። በቅሎም አናጣም» አሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ልጅቷን ርዝመቱ ስንት ሜትር እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠይቋት፣ ስልኩን አውጥቶ ላሜራውን ማስላት ጀመረ።